በክርን የተመታ ሐዘን

የካቲት 4

ለክብርት አለቃዬ፣ ለታላቅ እህቴ፣ ለፊልም ሠሪዋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። እኔም ደህና ነበርኩ፤ የላካችሁልኝ ስጦታ እስኪደርሰኝ ድረስ።

«ወደድከው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ወደድኩት! አማቴን የምወዳትን ያህል። አማት የለኝም፤ ብትኖረኝ ግን ይህን ነበር የምታመጣልኝ።

በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር። እማዬ ግን ባለፈው ስንጯጯህ ሰምታ «ሁለተኛ በስልክ ስትነካከሱ እንዳልሰማ። ጻፉ! ስትጽፉ ቢያንስ ጎረቤት አይሰማችሁም» ብላ ፈርዳብናለች። ስለዚህ በጽሑፍ ልጩህ።

አንቺ ምስል ታውቂያለሽ። ስለ ድምፅ ግን አንዴ ላስረዳሽ፣ በኋላ አልገባኝም እንዳትዪ። ሳምፕል ላይብረሪ ማለት ምን መሰለሽ፤ እውነተኛ ተጫዋቾችን ስቱዲዮ ያስቀምጡና እያንዳንዷን ኖታ ለብቻዋ ይቀዳሉ። ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ ሲነካት፣ በኃይል ሲነካት፣ ሲያንሸራትታት። ከዚያ እንደኔ ያለው፣ ኦርኬስትራ ቀርቶ ዋሽንት ነፊ የሚቀጥርበት የሌለው ሰው፣ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ኪቦርዱን ሲነካ ያቺ ኖታ ትወጣለች። የሚሰጡሽ ጡብ ነው፤ ቤቱን የምትሠሪው አንቺ ነሽ። እኔ የለመንኳችሁ ጡብ ነበር።

እናንተ የላካችሁልኝ ግን ያለቀለት ቤት ነው፤ ከነመጋረጃው፣ ከነእንግዳው። ስሙን ደግሞ «ሁሉ በእጅህ» ብለውታል፣ ሳያፍሩ! ቁልፎቹ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቂያለሽ? ኖታ እንዳይመስልሽ። «ሐዘን»፣ «ተስፋ»፣ «ድል»፣ «ናፍቆት» ነው የሚለው። «ሐዘን»ን አንዴ ስነካት ስልሳ ሰው ብድግ ብሎ ያለቅሳል። ቼሎዎቹ ይጀምራሉ፣ ቫዮሊኖቹ ይቀበላሉ፣ መጨረሻ ላይ መለከቱ ከተራራ ማዶ ያቃስታል። እኔ ምን ሠራሁ? ጣቴን አሳረፍኩ። ጣቴን ሳነሳ እንኳ አያቆሙም እኮ፤ ለቅሷቸውን ጨርሰው ነው የሚቀመጡት። በገዛ ክፍሌ «አንተ ልጅ፣ አትረብሸን» የሚሉኝ ይመስለኛል።

ዘግይቼ ስመታ ወደ ምቱ ይጎትተኛል። የተሳሳተ ኖታ ስነካ ያርመኛል። የዘጠነኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪያችን እንዲህ አድርገውልኝ ቢሆን ዛሬ ኢንጂነር ነበርኩ። ሙዚቃዬ ላይ ግን ማን ጠራው? ልሳሳት! መብቴ ነው!

የቀረው ፊልምሽ እንደፈለግሽው ይሁን። ያቺ የሱቁ ትዕይንት ግን… እማዬ (ይቅርታ፣ «ልብስ ሰፊዋ») ሱቋን የምትለቅባት፣ ጨርቋን እያጣጠፈች አራት ደቂቃ ማንም ቃል የማይተነፍስባት፣ ያቺን ለስልሳ ቅጥር አልቃሽ አሳልፌ አልሰጥም። ጡቡን ላኩልኝ።

ተናድጃለሁ። እወድሻለሁ ደግሞ። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ።

ቁንጫ (ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ስትነከሺ አትገረሚ)


የካቲት 9

ወንድሜ ቁንጫ፤

ሰላም ነህ? ቶሎ ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ። ኤዲቲንግ ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ይምሽ ይንጋ አላውቅም።

አይ፣ ላይብረሪውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ፕሮዲውሰሩ ነው። አንተ «ክራቫት» የምትለው። ይህን ስም እባክህ ለእሱም በሚደርስ መልእክት ላይ አትጻፍ፤ አንብቦታል፣ ቀኑን ሙሉም ክራቫቱን ሲነካካ ዋለ። አሁን ሁሉም ሰው የሚሠራው በዚህ ነው ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልዩነቱ ብዙ አይገባኝም። የሚገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እዚያ ቦታ ላይ እንዲያለቅስልኝ እፈልጋለሁ።

ከደብዳቤህ በኋላ በስልክ መልእክት ለጠየቅከኝ ደግሞ፣ አዎ፣ «ካላደረሰ ሌላ ሰው ይሠራዋል» ብዬዋለሁ። አትቆጣ። አንገቴን ሰጥቼ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ የጀመርከውን ጨርሰህ አታውቅም። ትምህርቱ እንደዚያ ሆነ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱም እንደዚያ፤ በምርቃት ቀን የኃላፊውን ትሮምቦን ዱቄት ሞልተህ፣ ሰውዬው አንዴ ሲነፋው የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ዳቦ ጋጋሪ መስሎ ቀረ። እኔም ስቄያለሁ። ማባረራቸው ግን ልክ ነበር።

እስከ ቅዳሜ ላክልኝ። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትቀልድ የታዘዝከውን ሥራ።

ለእማዬ ስለ ትዕይንቱ ምንም እንዳትነግራት። በትልቁ ስክሪን ነው የምታየው።

አለቃ


የካቲት 14

ለውድ እህቴ፤

ሙዚቃው ከዚህ ጋር ተያይዟል። አራት ደቂቃ፣ ልክ በልኩ። የተጠቀምኩት «ሁሉ በእጅህ»ን ነው፤ ክራ… ክቡር ፕሮዲውሰሩ እንዳዘዙት።

ተቀይሞ ይሆን ብለሽ ከሆነ፣ ኧረ በፍጹም! ስሠራው ብርቱካን እየበላሁ ነበር። ያን ያህል ደህና ነኝ።

እንደው ለነገሩ፣ የቱ ጋ እንደወደድሽው ንገሪኝ።

ታዛዥ ወንድምሽ


የካቲት 17

ቁንጫዬ፤

በይቅርታ ልጀምር። ባለፈው የጻፍኩልህን ሁሉ እንዳላነበብከው አድርገው።

ኤዲተሩን ታውቀዋለህ፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው ግዙፍ ሰውዬ። አፍንጫውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ፕሮዲውሰሩ ፊልሙን ለሚደግፉት ሰዎች አሳያቸው፤ እንደገና ክፈትልን አሉት። ትሬለሩም ላይ ገብቷል፣ ከነገ ወዲያ ይወጣል። «ማን ነው የሠራው?» ሲሉኝ «ወንድሜ ነው» እላለሁ። አፌ ላይ እንዴት እንደሚጥመኝ ብታውቅ!

የቱ ጋ ወደድሽው ብለሃል። እዚያ ጋ፣ ቼሎዎቹ ጨርሰው ቫዮሊኖቹ ሊገቡ ሲሉ ያለችው እረፍት። ትንፋሽ የዋጠ ሰው መሰለችኝ። እንዴት አሰብካት?

እህትህ


የካቲት 20

አለቃዬ፤

ቁጭ በይ። ቁጭ ብለሻል? እንግዲያው ተነሺ፤ ቁጭ ብለሽ ከሰማሽው ወንበሩን ትሰብሪዋለሽ።

ያቺን እረፍት አላሰብኳትም። ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ሁለቱም እጄ ጭማቂ ሆኗል። በክርኔ «ሐዘን»ን ተጫንኳት። አራት ደቂቃ ሙሉ ክርኔን ሳላነሳ ብርቱካኑን በላሁ፣ ፍሬውን ሳህን ላይ ተፋሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ትንፋሹም የፋብሪካ ነው።

ቀልድ ነበር እኮ። ወዲያው ትነቂብኛለሽ፣ ትሰድቢኛለሽ፣ ከዚያ እያጉረመረምሽ ጡቡን ትልኪልኛለሽ ብዬ ነው። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ቀልዶች ሁሉ ይሄ ያምራል፤ ዱቄቱን ያስንቃል። ግን አንዴም አልሳቅኩም። ሦስት ፊልምሽ ላይ ለፍቻለሁ፤ ጥፍሬን እየበላሁ፣ አንዷን ኖታ ሃያ ጊዜ እያነሳሁ እየጣልኩ። አንድ ቀን «እንዴት አሰብካት» ብለሽኝ አታውቂም። ለክርኔ አልሽው!

ሌላም አለ። ለእማዬ እንዳትነግራት ብለሽ ነበር። አልነገርኳትም፤ አሳየኋት። ድምፁን ዘግቼ። መነጽሯን አድርጋ አየችና «ይቺ ሴትዮ ታማለች እንዴ?» አለችኝ።

«እማ፣ አንቺ እኮ ነሽ። ሱቁን የለቀቅሽ ቀን።»

«እኔ? ቀስ ያልኩት አዝኜ መስሏችሁ ነው?»

ከዚያ ነገረችኝ። ያ አከራይ፣ «ክፍሉን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ብሎ ያስለቀቃት፣ የዚያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን እያንቃጨለ ነበር። አንቺ በፊልሙ ጫማውን ብቻ ነው ያሳየሽው። እማዬ ጣቃውን አጣጠፈች። ገበሩን አጣጠፈች። ሰውዬው ሰዓቱን ሲያይ አየችው። «ያኔ» አለችኝ፣ «ቁርጥራጩን ሁሉ ከመሬት ለቀምኩና እያንዳንዷን አጠፍኩለት። መዳፍ የማታክል ጨርቅ! በአራት አጥፌ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አስተካክዬ። እግሩን እየቀያየረ ሲቆም ሳይ ደግሞ ፈታሁና እንደገና አጠፍኳት። ይቁም! የት ይሄዳል?»

ገባሽ፣ አለቃዬ? ሐዘን አይደለም። በአራት የታጠፈ ንዴት ነው። «ሁሉ በእጅህ» ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም፤ ፈልጌያለሁ። «ቁጣ» የሚል አለ፤ ስትነኪው ከበሮ ይደበደባል፣ ፈረስ ይጋልባል። እማዬ ፈረስ አልጋለበችም! ጨርቅ አጠፈች!

አስወጪው። ከፊልሙም ከትሬለሩም አስወጪው።

ባለ ክርኑ


የካቲት 23

ሰላምታ የለኝም።

አይ፣ አላስወጣውም። አይ፣ ለፕሮዲውሰሩ አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ምን ልበለው? «የወንድሜ ክርን ነው»? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደረቴን ነፍቼ፣ «ወንድሜ ነው» እያልኩ! አንተ ብርቱካንህን ትልጥ ነበር።

የእማዬን ደግሞ የማላውቅ መሰለህ? እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንተ ውጪ ጎማ ታንከባልል ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ትልቁን መቀስ ይዤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሜያለሁ። እሷ ካለቀሰች እኔም አለቅሳለሁ ብዬ ዓይን ዓይኗን አያለሁ። አላለቀሰችም። ያንን ሁሉ ብጥስጣሽ አንድ በአንድ አየችው፤ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ሰውየውን አሸንፋ ወጣች። እኔ መቀሱን እንደጨበጥኩ ቤት ደረስኩ፤ ጣቶቼን ከእጀታው ያላቀቀችልኝ የጎረቤታችን ሴትዮ ናት።

ስለዚህ አዎ፣ ሰው እንዲያለቅስ እፈልጋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ያልቅስልኝ። በክርንም ቢሆን።

ንዴቱ የእማዬ ነው፤ ፊልሙ የኔ ነው።

አትጻፍልኝ።


መጋቢት 6

አለቃዬ፤

አትጻፍልኝ ብለሽኛል፤ ይኸው ስንት ቀን አፌን ዘጋሁ። እማዬ ያተኮሰኝ መስሏት ግንባሬን ነካች።

ዛሬ ግን ግድ ነው። ትናንት ከእሷ ጋር ቴሌቪዥን እያየን የፍራሽ ማስታወቂያ መጣ። አንድ ሰውዬ ወገቡን ይዞ ያቃስታል፤ ሚስቱ መስኮት ጋ ቆማ ትተክዛለች። ከኋላ ምን ይሰማል? ቼሎዎቹ። ያቺ እረፍት። ያ ትንፋሽ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ግር ብለው ይገቡና «ወገብዎን ያሳርፉ!» ይላል። ለካ ክርን ያለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።

እማዬ «ውይ፣ የልጄ ትሬለር ዘፈን!» አለች። ደስ ብሏት እኮ ነው! እስቃለሁ ብዬ ነበር። ሪሞቱን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ አሁን ቻናል የምንቀይረው ተነስተን ነው። ቪዲዮውን አያይዤዋለሁ፤ ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ብዬ። አንቺ ኮሪደር ላይ ወጥተሽ ያለቀስሽውን ነው ፍራሽ የሸጡበት። ከመጀመሪያውም ለማንም ሊሸጥ የተዘጋጀ ነበር፤ ያንቺ አልነበረም።

ስለ መቀሱ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ልቆጣ ስነሳ ለማን ትንገረው አልኩ፤ ለእኔ? በማግስቱ ዜማ ሠርቼ እንድዘፍንባት? ተቀመጥኩ።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። ላይብረሪ ስመርጥ ነው የከረምኩት፤ የሙከራ ቅጂ የሚሰጡትን ሁሉ አንድ በአንድ። አንዱ ደህና ነበር፤ ግን የተቀዳው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ማስተጋባቱ ኖታው ላይ ተጣብቋል፣ በምን ትነቅይዋለሽ? የእማዬ ሱቅ እኮ እጅሽን ብትዘረጊ ሁለቱን ግድግዳ የምትነኪበት ነው! ሌላው በጣም ቆንጆ ነው። ቁንጅናው ነው የገደለው፤ ደጋኑ ክሩን ሲነካ ያለችውን ሻካራ ድምፅ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ሽቶ ነስንሰውባታል። ሌላው ደግሞ አንዷን ኖታ ስደጋግማት ሁሌ ያቺው ናት፤ ታ ታ ታ ታ፣ ጠመንጃ።

ያገኘሁት ትንሽ ነገር ነው። ጥቂት የክር መሣሪያዎች ብቻ፤ ከበሮ የለው፣ ጥሩምባ የለው። ማይክራፎኑን አፍንጫቸው ሥር ነው የደቀኑት። አንዷን ኖታ ደጋግመው ቀድተዋታል፣ አንዱ ካንዱ ይለያል፤ የትኛው እንደሚወጣ የምመርጠው እኔ ነኝ። የተጫዋቹ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ካልፈለግሽ ትዘጊዋለሽ፣ ግን የምትዘጊው አንቺ ነሽ። የድምፁን መቆጣጠሪያ ዝቅ ሳደርገው ዝቅ ይላል፤ እስከ ምንም ድረስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዘግይቼ ስመታ ዘግይታ ትመጣለች። አየሽ? በዚህኛው ሰውዬውን በሩ ላይ ላቆመው እችላለሁ!

ጊዜ ስጪኝ። ሁለት ሳምንት። ጨርሼ እስክልክልሽ አትስሚው። «እዚህ ጋ ከፍ አድርጋት» የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ አፌን ስከፍት ዓረፍተ ነገሬን ትጨርሺልኛለሽ፤ አንቺም «ሁሉ በእጅህ» ነሽ። ይህችን በንዴት ነው የጻፍኳት፤ ቀዝቅዤ ሳነባትም ልክ ናት፣ አልሰርዛትም።

ቁንጫ


መጋቢት 11

ወንድሜ፤

«አንቺም ሁሉ በእጅህ ነሽ» ያልከኝን ሦስቴ አነበብኩት። ለሌላው ግን፣ አዎ። ሁለት ሳምንትህን አግኝተሃል። ላይብረሪው ተገዝቷል፤ የመክፈቻ ኮዱ ተያይዟል።

የፍራሹን አየሁት። ፕሮዲውሰሩ ቀድሞን አይቶት ኖሯል፤ «ማን ያስተውለዋል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተባባልነውን አልጽፍልህም። ኤዲተሩ መሐላችን ገብቶ ነበር፤ ያን የሚያህል ሰው እንኳ ጠበበው።

ፕሮዲውሰሩን በምን እንዳሳመንኩትም ልተወው ነበር። በኋላ ከሌላ ሰው ሰምተህ ከምትጮህብኝ አሁን ጩህ። የመጨረሻዋን ትዕይንት እሱ እንዳሻው እንዲቆርጣት ፈርሜለታለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጣቃዎቿን ታቅፋ ባዶውን መንገድ ይዛ የምትሄድባትን። እሱ የፈለገው አዲስ ሱቅ ከፍታ ስትስቅ ነው፤ አስቀርጾታል። «ተስፋ»ን ይጫንባታል። «አንተ ተጫናት» እንዳይልህ ብቻ አስምዬዋለሁ።

አትዘንልኝ። ተናደድ። ስትናደድ ሥራ የምትጨርስ መሰለኝ።

አልሰማውም፤ ቃሌ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ነው። በትዕይንቱ ጥግ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ መቀስ የያዘች ልጅ አለች። ኤዲተሩ ራሱ ስንት ጊዜ አይቶት አላስተዋላትም። አንተ አስተውላት።

አለቃ (የቀድሞ)


መጋቢት 26

አለቃዬ፤

ተያይዟል። አልቋል። ጨርሼዋለሁ! በትልቁ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው።

እንዴት ነህ ብትዪኝ፣ ጥሩ አይደለሁም። ባዶውን መንገድ ለክራቫት ሰጠሽው! (አንብብ፣ ክቡር ፕሮዲውሰር፣ ይቺ ላንተም ናት።) የፊልምሽን መጨረሻ! ማን ለምኖሽ? እሺ፣ እኔ ለምኜሻለሁ። ግን ይህን ያህል አልለመንኩም። ወንበሩን በእርግጫ ብዬ አሁን ቆሜ ነው የምጽፈው። እንዳልሽው ግን በንዴት ተሠራ።

አንዲት ቪዮላ ናት፤ ድምፀ ወፍራም ቫዮሊን በዪያት። አንድ ኖታ ብቻ ነው የሰጠኋት። እማዬ አንድ ጨርቅ ባጠፈች ቁጥር አንዴ ትመታለች፤ ሁልጊዜ ግን ትንሽ ዘግይታ። አሁን መጣች ስትዪ አትመጣም፤ ተስፋ ስትቆርጪ ትመጣለች። የሰውዬው ጫማ ሲንቀሳቀስ ቆም ትላለች። ከዚያ ያንኑ ኖታ፣ ከመጀመሪያው። ከፍ አትልም። ከፍ ልትል ስትል መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ እይዛታለሁ፤ ጥርስ እንደመንከስ። አውራ ጣቴ አብጧል፤ ክርኔ ሰላም ነው። መሐል ላይ ከሰለቸሽ ልክ ነው፤ ሰውዬውም ሰልችቶት ነበር።

ልጅቷ ቫዮሊን ናት። የሰጠኋት መነሻዋን ብቻ ነው፤ ደጋኑ ክሩ ላይ ያርፋል፣ ሻካራው ይሰማል፣ ድምፅ ሊሆን ሲል ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ላስለቅሳት እችል ነበር፤ ይኼኛው ላይብረሪ ምንም አይከለክለኝም። ስለምችል ነው ያላስለቀስኳት።

እንዴት አሰብካት ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ብትጠይቂኝ ግን ደስ ይለኛል።

ቁንጫ


ሚያዝያ 19

አለቃዬ፤

«እማዬ ምን አለች?» ብለሽ ሦስተኛ ጊዜሽ ነው። ዝም ያልኩሽ ልቀልድብሽ አይደለም። እንዴት እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

አንቺ እዚያ በትልቁ አዳራሽ እጅ ስትነሺ፣ እኛ እዚህ በሰፈሩ ሲኒማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርን። የሱቁ ትዕይንት መጣ። ቪዮላዋ ጀመረች። ማንም አላለቀሰም፣ ይቅርታ። ሰው ወንበሩ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቆየት ብሎ ከኋላችን አንዱ «ይቺ ሴትዮ አትጨርስም እንዴ!» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ብሽቅ ብሎ።

እማዬ ዞር አለችና በጨለማው «አልጨርስም!» አለችው።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። እሷ ግን ወደ ስክሪኑ ስትመለስ ያቺ ሻካራ ቫዮሊን መጣች። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችኝ በጆሮዬ። «ልጅቷ ናት» አልኳት። «የቷ ልጅ?» በጣቴ ጥጉን አሳየኋት።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከዚያ ጥግ አልተነሳም። አዲሱ ሱቅና «ተስፋ» ሲመጡ «ይሄ ደግሞ የማን ሱቅ ነው?» አለችና ሳያልቅ ተነሳች። ደረጃው ላይ ጉልበቷን ይዛ ቆመች። አሟት መስሎኝ ክንዷን ስይዛት «እሱን ብቻ ነበር የማየው» አለችኝ። «እሱን ለማሸነፍ። ልጄ እዚያው ቆማ ነበር ለካ።»

ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ያንን አከራይ ባገኘው የማደርገውን አላውቅም፤ ክፍሉን ብቻ መስሎኝ ነበር የወሰደባት።

ዛሬ ጠዋት ቦርሳዋን አዘጋጅታ አገኘኋት። ነገ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ወዳንቺ ትመጣለች። ልሸኝሽ ብላት እንቢ አለችኝ። ምን ልትዪያት ነው ብዬ ስጠይቃት «ለእሷ ነው የምነግረው፣ ላንተ ምን አገባህ?» አለችኝ።

በሩን ስትከፍቺላት ወዲያው አትናገር ይሆናል። ቁጭ ብላም ዝም ልትል ትችላለች። አታጣድፊያት፣ ዓረፍተ ነገሯንም አትጨርሺላት። ጊዜዋን ትውሰድ። እኔም እዚያ ላይ ምንም ሙዚቃ አላስገባም።

ወንድምሽ